ትራማዶል ካቆሙ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት እንምራቸው?

ሲስተር ቦርከና፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ጤና ጣቢያ ውስጥ የአእምሮ ጤና ክትትል ላይ ነው። ትራማዶል በተባለው የሕመም ማስታገሻ ሱስ ተይዘው የሚመጡልን ወጣቶች ባጃጅ የሚነዱ፣ ጭነት የሚያወርዱና ፋብሪካ በፈረቃ የሚገቡ ናቸው። ባለ 50 ሚሊግራሙን እንክብል በቀን 8፣ 10፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ፍሬ ይወስዳሉ። ቀን ከጫት ጋር ነው፤ ማታ ደግሞ ጨብሲ ላይ ይደርቡታል።

ሐራራው የሚበረታባቸውን የመጀመሪያ ቀናት በሐኪም ክትትል እናሳልፋቸዋለን። የሚያስጨንቀኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ካርዱ ላይ «ምክር ተሰጥቷል» ተብሎ ይጻፍና ይሸኛሉ፤ ሳምንታት ቆይቶ ቤተሰብ እያለቀሰ መልሶ ያመጣቸዋል። ምክር የተባለውም ብዙ ጊዜ «ተው፣ ይጎዳሃል፣ እናትህን አስብ» ከማለት አያልፍም።

የምታውቁ ሰዎች በዝርዝር ንገሩኝ። በስንት ቀን ልዩነት ልቅጠራቸው? በየቀጠሮውስ ምን ልሥራ? የሽንት ምርመራ ያስፈልጋል ወይ? ጸበል ወይም ገጠር ዘመድ ጋ እንውሰደው ለሚሉ ቤተሰቦች ምን ልበል? ደግሞስ ለዚህ ዓይነት ሱስ ሕክምና የሚሰጠው መድኃኒት፣ ሜታዶን፣ በእጃችን ሳይኖር በንግግር ብቻ ማከም ይቻላል?


ጦሳ ግርጌ፣ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት፣ ደሴ

ሲስተር፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚቆመው። ለከባድ ሱስ ንግግር ብቻውን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ትራማዶል ያሉ ማስታገሻዎች) ሱስ ሕክምና መመሪያ መሠረቱ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የተባሉት መድኃኒቶች ናቸው፤ የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ድጋፉ ከመድኃኒቱ ጎን እንዲሰጥ ይላል። ስለዚህ ፔቲዲን ወይም ሞርፊን በመርፌ የሚወስድ፣ ወይም ደጋግሞ አቁሞ ደጋግሞ ያገረሸበት ሰው ሲመጣ «እስቲ በምክር እንሞክረው» ብለሽ ወራት አታሳልፊ። ወደ ሆስፒታል ሳይካትሪ ክፍል ላኪው። መድኃኒቱ በቅርብ በማይገኝበት ሁኔታ ደግሞ ቀጠሮው መላላት ሳይሆን መጥበቅ አለበት። ሐራራውን አሳልፎ ብቻ ከመሸኘት ምክክር አክሎ መቀጠል የተሻለ ውጤት እንዳለው በጥናት የታየ ነው።

ከባዱን ከቀላሉ ለመለየት የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር የምርመራ መመሪያ (DSM-5) ላይ ያሉትን 11 መስፈርቶች ተጠቀሚ። ባለፉት 12 ወራት ውስጥ 2 ወይም 3 የተሟሉለት ቀላል፣ 4 ወይም 5 መካከለኛ፣ 6ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አጥንቱ ተሰብሮ በሐኪም ትእዛዝ ልክ እንደተነገረው ሲወስድ የነበረ ሰው፣ ሰውነቱ መላመዱና ሲያቆም ሐራራ መያዙ ብቻ ሱሰኛ አያሰኘውም። እነዚያ ሁለት መስፈርቶች ለእሱ አይቆጠሩም። መድኃኒቱን ቀስ ብሎ መቀነስና ሕመሙን በሌላ መንገድ ማከም ነው የሚያስፈልገው።

ቀጠሮውን በተመለከተ የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ እስከ 12ኛው ሳምንት በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየ15 ቀኑ፣ በኋላም በየወሩ እስከ ዓመት አድርጊው። 45 ደቂቃ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ወረፋው ካላስቻለ ግን በወር አንዴ ከሚደረግ የአንድ ሰዓት ወሬ በየሳምንቱ የማይቀር 25 ደቂቃ ይሻላል እላለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀጠሮዎች ዓላማ ሰውየው የራሱን ምክንያት በራሱ አፍ እንዲናገር ማድረግ ነው። «ከ0 እስከ 10 ቢሆን ማቆም ላንተ ምን ያህል አስፈላጊ ነው?» በይው። «4» ካለሽ «ለምን 1 አላልክም?» ብለሽ ጠይቂ። «ለምን 9 አልሆነም?» ካልሽው መድኃኒቱን መከላከል ይጀምራል፤ «ለምን 1 አላልክም» ካልሽው ግን የማቆሚያ ምክንያቶቹን ራሱ ይዘረዝራል። «ልጄ ሳቅፋት እጄ እየተንቀጠቀጠ ፈራችኝ» ቢል፣ «ልጅህ እንዳትፈራህ ትፈልጋለህ» ብለሽ የእሱኑ ቃል መልሽለትና ዝም በይ። ዝምታውን እሱ ይሙላው። ከባድ የሚሆነው ይሄ ነው፤ ባለሙያው ዝምታውን በጉዳት ዝርዝር ለመሙላት ይቸኩላል፣ ታካሚውም አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል። ያ «እሺ» በር ላይ ይቀራል።

ሦስተኛውና አራተኛው ላይ መጨረሻ የወሰደበትን ቀን በሰዓት በሰዓት አስቆጥሪው። ለምሳሌ አንድ ባጃጅ ነጂ ጠዋት 12 ሰዓት ሥራ ወጣ፤ 5 ሰዓት ላይ ወገቡን ያዘው፤ 7 ሰዓት ላይ ጓደኞቹ ጋ ጫት ቤት ተቀመጠ፤ 9 ሰዓት ላይ አንዱ «እቃው አለ» አለው፤ 10 ሰዓት ላይ ወሰደ። «የተሸነፍከው መቼ ነው?» ብትይው 10 ሰዓት ላይ ይላል። አብራችሁ ስታዩት ግን ወገቡን ሲያመው ያላረፈበት 5 ሰዓትና የተቀመጠበት 7 ሰዓት ናቸው መቆረጥ የነበረባቸው። 10 ሰዓት ላይ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ጉልበት ብዙ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰዓት ምትክ ተፈልጎ ይጻፋል። ምሳ ከማን ጋር ይበላል? ወገቡን ሲያመው ምን ያደርጋል? ተራውን ወደ የትኛው ፌርማታ ይቀይራል?

አምሮት ሲመጣ ማለቂያ የሌለው ይመስላል፤ በአብዛኛው ግን በ15 እና በ30 ደቂቃ መካከል ወጥቶ ይወርዳል። ቦታ መቀየር፣ አስቀድሞ ለተመረጠ አንድ ሰው መደወል፣ ሰዓት እያዩ መጠበቅ። ይህን ክፍል ውስጥ አለማምጂው። እምቢ ማለትንም እንዲሁ፤ አንቺ ሻጩን ሁኚ፣ እሱ ይመልስ። «ዛሬ ብር የለኝም» ካለ ልምምዱን ድገሚው፤ ለነገ በር ከፍቷልና። «አቁሜያለሁ፣ ከእንግዲህ አትደውልልኝ» ብሎ መሄድ አለበት፣ ሳያብራራ። የሻጩ ቁጥር ከስልኩ የሚጠፋው አንቺ ፊት ይሁን። የደመወዝ ቀን ለብቻው እቅድ ይፈልጋል፤ ብሩ በዚያው ምሽት ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይታወቅ።

ካርዱ ላይ የምትጽፊው እነዚህን ነው፦ የታወቀው ቀስቃሽ፣ የተለማመደው ነገር፣ እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ የወሰደው የቤት ሥራ። አንቺ በሌለሽ ቀን የሚተካሽ ሰው ከዚያ ይቀጥላል።


ፋርማሲስት፣ ፒያሳ ደሴ

የመድኃኒቱን ጎን እኔ ልጨምር፤ ምክክሩ አንዳንዴ የሚበላሸው በዚህ በኩል ነውና። ትራማዶል የሚሠራው እንደ ሞርፊን ብቻ አይደለም። አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን ንጥረ ነገሮችም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ሲቆም ከተለመደው ማላብ፣ ማዛጋት፣ ተቅማጥና የሰውነት ቁርጥማት ሌላ፣ በአንዳንዶች ላይ ከባድ ድንጋጤ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ ግራ መጋባት፣ የሌለ ነገር ማየትም ሊመጣ ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ሌላ ነገር ለከፈው» ብሎ ከሕክምናው ያስወጣዋል። ሲስተር፣ ከመጀመሩ በፊት ለቤተሰቡ ቢነግሩ ግማሹ ድንጋጤ ይቀንሳል።

የአዋቂ ሰው የቀን ጣሪያ 400 ሚሊግራም ነው። 10 ፍሬ ማለት 500 ነው፤ ከጣሪያው በላይ ሲኬድ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ የመምጣቱ ዕድል ይጨምራል። አንዴም ቢሆን ያንፈራገጠው ሰው ቤቱ ሆኖ እንዲቀንስ አይደረግ፣ ተኝቶ ይታከም። ሐኪሙ ቀስ በቀስ መቀነስን ከመረጠ፣ በቀን 8 ፍሬ ላይ ላለ ሰው በየሳምንቱ አንድ ፍሬ መቀነስ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው መጨረሻው ላይ ነው። ከ8 ወደ 7 ሲወርድ የሚቀነሰው ትንሽ ነው፤ ከ2 ወደ 1 ሲወርድ ግን ግማሹ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከ3 ፍሬ በታች በየ2 ሳምንቱ ቢሆን ይመከራል። እንክብሎቹን አንድ የታመነ የቤተሰብ አባል ይያዝ፣ የቀን የቀኑን ይስጠው። ለረጅም ሰዓት እንዲሠራ ተደርጎ የተዘጋጀው ዓይነት መታኘክም መከፈትም የለበትም፤ የ12 ሰዓቱ መጠን በአንዴ ይለቀቃል።

ድብርት ስላለበት ፍሉኦክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን የሚታዘዝለት ሰው አለ። በድብቅ ትራማዶል እየወሰደ ከሆነ ከሁለቱም ጋር አደገኛ ነው፤ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መወጠርና መቅበጥበጥ ከታየ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው። ከመታዘዙ በፊት ሳይቆጡ ይጠይቁት፤ ከተቆጡ አይነግርዎትም።

አሁን የምለውን በመጀመሪያው ቀጠሮ ለታካሚውም ለቤተሰቡም በግልጽ ይንገሩልኝ። ሳምንታት ከመድኃኒቱ ርቆ የቆየ ሰው ሰውነቱ የድሮውን መጠን አይችልም። በፊት የተለመደው 10 ፍሬ ዛሬ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ አልኮል ወይም ዳያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል። ሲጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የቀነሰና እንደ ማንኮራፋት ያለ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም አመድ የመሰለ ከሆነ «እንቅልፍ ወስዶት ነው» ተብሎ አይተው። በጎኑ አስተኝቶ አምቡላንስ መጥራት ነው። ሆስፒታል ናሎክሶን (የእነዚህን ማስታገሻዎች ኃይል የሚቀለብሰው መድኃኒት) ቢሰጠው እንኳ መድኃኒቱ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ ኃይሉ ያልቃል፤ ነቃ ብሎ ወዲያው ወደ ቤት መውሰድ አይገባም።

ሽንት ምርመራው ላይ ደግሞ ትልቅ ስህተት አለ። በብዛት የሚገኘው ሞርፊንን የሚያየው ስትሪፕ (ሽንት ውስጥ የሚነከረው መመርመሪያ) ትራማዶልን አያሳይም፤ ፔቲዲንንም አያሳይም። በዚያ ተመርምሮ «ንጹህ ነው» የተባለው ሰው ያን ጠዋት ወስዶ ሊሆን ይችላል። ስትሪፑ ላይ ትራማዶል ተብሎ የተጻፈበት መሆን አለበት። ትራማዶል ሽንት ውስጥ የሚታየው በግምት ከ1 እስከ 3 ቀን ስለሆነ በሳምንት ሁለቴ፣ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ፣ ካልተደረገ ብዙ ያመልጣል። እቃው ከተሞላ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ መሆኑን ይዩ፤ ከዚያ ውጭ ከሆነ ውሃ ተጨምሮበት ወይም ከሌላ ሰው መጥቶ ሊሆን ይችላል።


ሐረጎ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ

እህቴ፣ ውጤቱን ለቅጣት አታውይው። ያለ ታካሚው ፈቃድ ለአሠሪም ለቤተሰብም አይነገር። ከተማችን ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ነው፤ አንድ ቃል ከክፍሉ ከወጣች ወዲያ ያ ሰው አይመለስም፣ ጓደኞቹም አይመጡም።

ምርመራውን ለሽልማት ማዋል ግን ይቻላል፤ ከሥነ ልቦናዊ ዘዴዎች ሁሉ ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ነው። አሜሪካ ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ተመራማሪ ናንሲ ፔትሪ በርካሽ እንዲሠራ ያደረገችው በእጣ ነው። ጎድጓዳ እቃ ውስጥ 500 ወረቀት ይገባል፤ 250ው ላይ «ጎበዝ» ብቻ ተጽፏል፣ 209ኙ ትንሽ ሽልማት፣ 40ው ከፍ ያለ፣ አንዱ ትልቅ። እኛ ጋ ወደ 100 ወረቀት ዝቅ አድርጎ 50፣ 42 እና 8 ማድረግ ይቻላል፤ ትንሹ ሳሙና ወይም የስልክ ካርድ፣ ከፍ ያለው ዘይት ወይም ለልጆች ደብተርና እስክሪብቶ። ጥሬ ብር አይሁን። ለመጀመሪያው ንጹህ ውጤት አንድ ወረቀት ያወጣል፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው ሦስት። ከተገኘበት ወይም ካለ ምክንያት ከቀረ ወደ አንድ ይመለሳል፤ ያሸነፈውን ግን አይቀማም።

የሚያበላሹትን ልንገርሽ። እጣው እዚያው ውጤቱ እንደታየ መውጣት አለበት። «ወር መጨረሻ እንሰጥሃለን» ከተባለ አለቀ፤ መድኃኒቱ በግማሽ ሰዓት የሚሰጠውን ነገር የወር መጨረሻ ሽልማት አይገዳደረውም። ሁለተኛው ርኅራኄ ነው። «ምስኪን፣ አንዴ ብቻ ነው የወሰደው» ብሎ ወረቀት የሚያስወጣ ሠራተኛ ሥርዓቱን በሙሉ ያፈርሰዋል። ስትሪፕ ያለቀ ጊዜ በመገኘት ብቻ እጣ ማውጣት ይቻላል፤ ውጤቱ ይቀንሳል፣ ሰውየው ግን ይመጣል።

ቤተሰቡን በሚመለከት፣ አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ሮበርት ሜየርስ የቀረጸው የቤተሰብ ሥልጠና ላይ ያለውን አንድ ነገር ብቻ ብትወስጂ ይበቃል። ንጹህ በሆነበት ሰዓት ቅረቡት፣ ወስዶ በመጣበት ሰዓት ራቁ። በእኛ ቤት የሚደረገው የተገላቢጦሽ ነው። ወስዶ ሲመጣ እናት ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ንጹህ ሆኖ በዋለበት ቀን የሚያናግረው የለም። እናትየው እንዲህ እንድትል አለማምጃት፦ «ልጄ፣ እንዲህ ሆነህ ስትመጣ እራት አብረን እንበላለን። ወስደህ ከመጣህ ግን እኔ ወደ ክፍሌ እገባለሁ፣ ነገ ጠዋት እናወራለን።» አጭር፣ ያለ እርግማን። ይህንንም እሱ ጤነኛ በሆነበት ሰዓት ነው የምትለው። የእንክብል ዕዳውን አይክፈሉለት፤ ምግብ ግን አይከልክሉት። ቆልፎ ማስቀመጥና ማሰር ሐራራውን ብቻውን እንዲጋፈጥ ማድረግ ነው፤ ቢያንፈራግጠው ማንም ላይደርስለት ይችላል።

ጸበልም ሆነ ዱዓ «አይሆንም» አትበይ። ወሎ ነው፤ በአንድ ቤት ሁለቱም አሉ፣ ሰውየውም ከዚያ የሚያገኘው ጉልበት እውነተኛ ነው። መጠየቅ ያለብሽ የያዘውን መድኃኒት አቋርጥ ይባል እንደሆነ፣ ይታሰር እንደሆነ፣ ሲመለስ የሚቀበለው ማን እንደሆነ ነው። ታካሚው ከፈቀደ ቄሱን ወይም ሼሁን በስልክ አነጋግሪ፤ ሲነገራቸው የሚተባበሩ ብዙ ናቸው። ከጸበል ወይም ከገጠር በተመለሰ በ2 ቀን ውስጥ ቀጠሮ ይኑረው። ፋርማሲስቱ ያለው አደጋ የሚደርሰው እዚህ ነው። እዚያ ቀስቃሹ ሁሉ ጠፍቶለት ከርሟል፤ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲወርድ ያው ጓደኛ፣ ያው ባጃጅ፣ ያው ሻጭ ይጠብቁታል። ሰውነቱ ግን የድሮው አይደለም።

ከቤት የሰረቀው ወይም የተበደረው ካለ በሽማግሌ ወይም በአበጋር (በወሎ ባህላዊ አስታራቂ) ዕርቅ ማውረድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይሁን። ሐፍረቱ ትኩስ ሆኖ ሰው ፊት ከቆመ በዚያው ማታ ይወስዳል። ወር ያህል ንጹህ ሆኖ ቆይቶ፣ ስንት በስንት ጊዜ እንደሚከፍል ጽፎ ይዞ ይቅረብ።


ሲስተር ቦርከና፣ ኮምቦልቻ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ስትሪፑን ነገ አጣራለሁ፤ እኛ ጋ ያለው የሞርፊኑ ይመስለኛል። ሁለት ነገር ልጨምር። በመሃል ካገረሸበትስ ከዜሮ ነው የምንጀምረው? ደግሞ ባለሙያ ስላነሰን በቡድን ማድረግ ይቻላል?


ሆጤ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ

አንዴ መንሸራተትና ሙሉ በሙሉ መመለስ የተለያዩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ብዙ ጊዜ አንድ ሐሳብ ነው፦ «አንዴ ካፈረስኩት ምን ቀረኝ?» ይህ ሐሳብ እንደሚመጣበት ገና ንጹህ እያለ አስቀድመሽ ንገሪውና በዚያ ሰዓት ለማን እንደሚደውል ተስማሙ። ሲመጣ በዚያው ቀን ተቀበዪው። «ስንት ፍሬ ወሰድክ? ከማን ገዛህ? ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሰዓታት ምን ሆነ?» ብለሽ ያንኑ የሰዓት ሰንጠረዥ ድገሚ። የተማረው አይጠፋም፤ ቀጠሮውን ብቻ ለ2 ሳምንት ወደ ሳምንት ሁለቴ መልሺው። ሦስት ሳምንት በተከታታይ ከወሰደ ግን የያዝሽው እቅድ አልበቃውም ማለት ነው፤ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ከሕክምናው ማባረር የሚባል ነገር አይኑር።

ቀጠሮ የቀረውን በዚያው ቀን ደውዪለት። ሌላ ሰው ስልኩን ካነሳ ከየት እንደሆነ አትናገሪ፤ ከቤት ማን ሊያውቅ እንደሚችል በመጀመሪያው ቀን ጽፈሽ አስፈርሚው።

ቡድን ይቻላል። ከ6 እስከ 10 ሰው፣ 90 ደቂቃ፣ በሳምንት አንዴ። ሐራራ ላይ ያለ ሰው አታስገቢ፤ የሚሸጥ ሰው ደግሞ በፍጹም። «እኔ 20 ፍሬ እወስድ ነበር» የሚል ጨዋታ ሲጀመር አቋርጪው፤ አምሮት ይቀሰቅሳል። እርስ በርስ ብር መበዳደር እንዳይኖር ከመጀመሪያው ይነገር። ሴቶች ሲመጡ ለብቻ ቀንና ሰዓት ስጫቸው፤ ከወንዶቹ ጋር በአንድ ወረፋ ከተቀመጡ ሁለተኛ አይመጡም።

ጦርነት ባለፈበት ከተማ መሆናችንን አትርሺ። በ2014 ያዩትን ለማንም ያልተናገሩ፣ እንቅልፍ ለማግኘት ብለው እንክብል የጀመሩ አሉ። ቅዠት፣ መሸሽ፣ መባነን፣ መደንዘዝና ራስን መውቀስ ላይ ያተኮሩ 5 አጫጭር የአዎ ወይም የአይደለም ጥያቄዎች አሉ፤ 3ቱን አዎ ያለ ሰው ሙሉ ግምገማ ያስፈልገዋል። «መጀመሪያ ሱሱን ተው፣ ሌላውን በኋላ እናያለን» አይባልም፤ ሁለቱ አብረው ይታከማሉ። ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነም በቀጥታ ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም።

ወደ ደሴ ስትልኪው «የሱስ ታካሚ» ብቻ ተብሎ አይጻፍ። በቀን ስንት ሚሊግራም እንደሚወስድ፣ መጨረሻ የወሰደበትን ቀንና ሰዓት፣ አንፈራግጦት ያውቅ እንደሆነ፣ ጫት፣ አልኮልና ዳያዜፓም እንዳለበት፣ አሁን የሚወስደውን ሌላ መድኃኒት፣ እስካሁን ስንት ቀጠሮ እንደተገኘ ጻፊ። የሚቀበለውም ሐኪም በዚያው ቀን ውሳኔ ላይ ይደርሳል።